ያልተሠራው ማሽን ጩኸት

ገና ያልተሠራው ማሽን መጮህ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዕቃዎቹ ያን ጊዜ ከጅቡቲ በመንገድ ላይ ነበሩ። የሚገጠሙበት ሣጥንም አልተበየደም።

ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ሥራዬን የጨረስኩት በዚያው ደቂቃ ስለሆነ ነው። አዳማ አጠገብ ባለ አንድ ፋብሪካ ለመስኖ ፓምፕ የሚሆን ኢንቨርተር እንሠራለን። ኢንቨርተር ከፀሐይ የመጣውን ኃይል በሴኮንድ ሃያ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ፓምፑ በሚፈልገው መልክ ያቀርባል። በቆረጠ ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱን ጆሮ አይሰማውም፤ በሽቦና በአየር ሄዶ የሰው ሬዲዮና የሰው መሣሪያ ውስጥ ነው የሚገባው። የእኔ ሥራ ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት የት ቦታ፣ ምን ያህል እንደሚጮኽ አስልቶ ወረቀት ላይ መሣል ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መለካት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ይህንን ለአለቆቼ ስምንት ዓመት ሙሉ ነግሬያቸዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ መስመር አለ። ከእሱ በላይ መጮኽ አይፈቀድም። የእኔ ጥቁር መስመር ከቀዩ በታች ለጥ ብሎ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለውን እኛ ተራራ እንለዋለን። የተራራውን ጫፍ በእርሳስ ስዘጋ፣ የጥበቃችን የጋሽ ብዙነህ ሬዲዮ ዜናውን አቋርጦ ማፏጨት ጀመረ።

ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ስሌቴ ልክ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ሲስተር ዘቢባ መጣች። አዋላጅ ናት፤ እኩያዬ ናት። የፅንስ ልብ የምታዳምጥበትን መሣሪያ በእጇ ይዛለች።

“ይሄ ፉጨት ከናንተ ግቢ ነው?”

“ከኛ ነው።”

“አጥፉታ።”

“ገና አልሠራነውም።”

ሲስተር ዘቢባ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆናለች፤ ከዚህ የባሰም ሰምታለች። “ሎሚ የምትባል እናት አለችኝ” አለች። “ሁለት ልጅ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። ይኼ ሦስተኛዋ ነው፤ ዘጠኝ ወሯ ገብቷል። ጠዋትና ማታ የልጁን ልብ አዳምጣለሁ። ዛሬ ፉጨቱ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ከሥር ይሰማኛል፣ ግን በጭንቅ ነው።”

ተራራዬን አየሁት። የቆመው ልክ የእሷ መሣሪያ በሚሠራበት ሞገድ ላይ ነው። መፍትሔውን አውቀዋለሁ፦ የማሽኑ መግቢያና መውጫ ላይ ጩኸቱን የሚያፍን ማጣሪያ ይታሰራል፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ አቶ ደምሰው ሄድኩ።

አቶ ደምሰው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ጨረታው ሐሙስ ነው” አሉ።

“ከወሰን በላይ ይጮኻል። ማጣሪያ ይገዛልኝ።”

“ማጣሪያ እንዳለው አድርገሽ ሣይው።”

“የሌለውን አልስልም።”

“ማሽኑስ መቼ አለ?”

“ማሽኑ ሊሠራ ነው። ማጣሪያው ሊገዛ አይደለም።”

“አይ አንቺ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ምን አስቸኮለሽ?” አሉና ከመሳቢያቸው ላጲስ አውጥተው ተራራውን አጠፉት። ፍርፋሪውን እፍ አሉት።

ፉጨቱ ቆመ። የጋሽ ብዙነህ ሬዲዮ ወደ ዜናው ተመለሰ። አቶ ደምሰው “አየሽ?” በሚል ዓይን አዩኝ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። “ፉጨቱ ጠፍቷል” አለች ሲስተር ዘቢባ። “ልቡም ጠፍቷል። በእንጨቱ ማዳመጫም ሞከርኩ፤ ምንም የለም።” ከኋላዋ አንዲት ሴት “ምን አልሽ? ምን አልሽ?” ትላለች።

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ተራራውን መልሼ ሣልኩት። መስመሩ ቀጥ አለ። ሬዲዮው አፏጨ። ሲስተር ዘቢባ ስልኩን ሳትዘጋ መቁጠር ጀመረች፤ በአንድ ደቂቃ መቶ አርባ ሁለት ደረሰች።

“ሰሙ?” አልኳቸው አቶ ደምሰውን።

“የሰማሁት ፉጨት ነው።”

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ወንድ ከሆኑ ያውጡት አልኩ። ከሰዓት በኋላ የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ። በደብዳቤው መሠረት ጥፋቴ “የድርጅቱን ተራራ ይዞ መውጣት” ነው።

ረቡዕ ጤና ጣቢያው ዋልኩ። ሎሚ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከመሣሪያው የሚወጣውን ፉጨት ታዳምጣለች። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ።

“ተይው ይጩኽ እቴ” አለችኝ። “እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ሁለቴ አውቀዋለሁ።”

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑን የሚገዛው የጨረታ ኮሚቴ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ መግባት ስለተከለከልኩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ በመስኮት አያለሁ። አቶ ደምሰው አዲስ ያስሣሉትን ወረቀት ዘረጉ፤ ጥቁሩ መስመር ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ ነው። ሰብሳቢው ማኅተም አሳረፉበት። በዚያች ቅጽበት ደረቴ ውስጥ ያለው ወረቀት ቀዘቀዘኝ። አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ነጭ ሆኗል። ሬዲዮው ዝም አለ። በመስኮቱ ውስጥ የኮሚቴው አባላት አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይጨባበጡ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም፤ ይህንንም ያስተዋሉ አይመስሉም።

ከመንገዱ ማዶ ሲስተር ዘቢባ በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ታወናጭፋለች።

ከጋሽ ብዙነህ ምድጃ ከሰል አነሳሁ። የፋብሪካው የውጭ ግድግዳ ነጭ ነው። መስመሩን ከበሩ ጀምሬ እየሮጥኩ ሣልኩት፤ የተራራው ቦታ ላይ ስደርስ ወደ ላይ ወሰድኩት። እጄ አልደርስ አለ። ጋሽ ብዙነህ ጠመንጃቸውን አስቀመጡና አጎነበሱ። የእሳቸውም ድምፅ ጠፍቷል፤ በከንፈራቸው “ውጪ” ሲሉኝ አየሁ። ትከሻቸው ላይ ወጥቼ ጫፉን ዘጋሁት።

ፉጨቱ ተመለሰ። እንዲህ ጮኾ አያውቅም፤ አሁን በባዶ ጆሮም ይሰማ ነበር። ሲስተር ዘቢባ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ተመልሳ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና የልቡን ምት በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትመታ ጀመር፤ በጣም ፈጣን ነበር።

ኮሚቴው ጆሮውን ይዞ ወጣ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ሰብሳቢው።

“የማሽኑ ጩኸት ነው።”

“ማሽኑ የታለ?”

“ልትገዙት ነው።”

ከተራራው ሥር ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፦ ይጮኻል። ያሰላሁት እኔ፣ የትምወርቅ አባተ።

አቶ ደምሰው ቀለም ቀቢ አስጠሩ። እኔ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ሎሚ ሆዷን ደግፋ መንገዱን ተሻገረችና አጠገቤ ቆመች።

“በመጀመሪያ እኔን ቀቡኝ” አለች።

ቀለም ቀቢው እኛን አልነካንም። መሰላሉን አቁሞ ከራሳችን በላይ ያለውን ጫፍ በነጭ ሸፈነው። ፉጨቱ አልቀነሰም። እርጥቡ ቀለም ሥር ግን ግድግዳው የሕፃን ተረከዝ ያህል አበጠ። እብጠቱ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተሻገረና ወደ ውስጥ ገባ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ጠበቀ። ግድግዳው ሌላ ቦታ ላይ፣ አሁን ጠንከር አድርጎ፣ ረገጠ።