የዳኘ ወፍራም ቀለበት

የትርፊት ሌንስ የተሰበረው የሀዲያ ዘመን መለወጫ የሆነው የያሆዴ በዓል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ከፎቶ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ከነካሜራው ተንሸራትቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ዲጂታል ካሜራው ግን ምንም አልሆነም። ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ያለ ሌንስ የሚሸጥ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ደግሞ በዓሉ ያልፋል። ለበዓሉ ፎንቆ ከተማ ሄዳ የጋሼ እንድርያስን ቤተሰብ ልታነሣ ቃል ገብታ ነበር።

ጋሼ እንድርያስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ስድስቱም አባታቸው ቤት አንድ ላይ ከታዩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ፍሬውና ማቴዎስ፣ ወሰን ላይ በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ምክንያት ተኳርፈው አንዱ የመጣ እንደሆነ ሌላው ይቀራል። ዘንድሮ ሁለቱም እንመጣለን ብለዋል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ትልቅ ፍሬም አስገዝተው ባዶውን ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት።

ትርፊት የሟች አባቷን የወልደሰንበትን አሮጌ ዜኒት ካሜራ ከሣጥን አወጣች። ፊልም የሚያጥብ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌንሱ ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ችግሩ ከእሷ ዲጂታል ካኖን ጋር አለመግጠሙ ነበር፤ ያኛው እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ ይገባል፣ የእሷው ጥርስ ላይ ይቆለፋል። ሁሉንም በፌስታል ይዛ ወደ ዳኘ ቶርኖ ቤት ሄደች።

ዳኘ የወፍጮ ዕቃ ነው የሚሠራው። ሌንሱን አገላብጦ አየና፣ «ከተሰበረው ሌንስ መቀመጫውን እወስድና ሁለቱን የሚያገናኝ የአሉሚኒየም ቀለበት አስርበታለሁ» አለ።

«ጠንካራ ይሁን ብቻ። ሰው ፊት ወልቆ እንዳያዋርደኝ።»

«እህቴ፣ የኔ ዕቃ ድንጋይ ተሸክሞ ይዞራል። ይቺን ብርጭቆ ያቅተዋል?»

ቀለበቱ ወፈር ብሎ ወጣ። ትርፊት ጠባብዋ ፎቶ ቤት ውስጥ ጎረቤቷን አስቀምጣ ሞከረችው። ፎከሱን በእጇ ቀስ ብላ ስታዞር የሴትዮዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ታየ። እንዲህ ያለ ፊት በራሷ ሌንስ አንሥታ አታውቅም። ደስ ብሏት ፎቶ ቤቱን ዘጋችና ለጉዞው ተዘጋጀች።

በበዓሉ ቀን የጋሼ እንድርያስ ግቢ በቅቤ ሽታና በልጅ ጫጫታ ተሞልቶ ነበር። ከቡላና ከቅቤ የተሠራው አተካና ተበልቶ እጅ ሲታጠብ፣ ስድስቱ ልጆች ከአባትና ከእናታቸው ጋር እንሰቱ ፊት ለፊት ተሰለፉ። ፍሬው ቀኝ ጫፍ ቆመ፤ ማቴዎስ ግራ ጫፍ። ሰልፉ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ያዘ።

ትርፊት ሁሉንም ለማስገባት ወደ ኋላ ሄደች። ፎከሱን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ሁሉም ፊት በእንፋሎት ውስጥ እንደሚታይ ነው። ስትጠጋ ይጠራል፤ ስትጠጋ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ከፎቶው ይወጣሉ። ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ያኔ ገባት። ጠንካራ ይሁን ያለችው ቀለበት ሌንሱን ከካሜራው አርቆታል፤ ቅርብ እንጂ ሩቅ አያሳይም። በትንሿ ክፍልዋ ይህ እንዴት ሊታወቃት!

ፊቷ ጋለ። ባዶው ፍሬም በተከፈተው በር በኩል ይታያታል።

«ጋሼ፣ ሌንሱ ሩቅ አያይም» አለች።

«እንደኔው ነዋ!» አሉ ሽማግሌው። «ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? ጠጋ እላለሁ።»

ትርፊት ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር ትንፋሿም ተመለሰ። ሁለት ወንበር አስመጥታ ጋሼንና ባለቤታቸውን እማማ እህተማርያምን አስቀመጠች። «ሴቶች በጎንና በጎን ተንበርከኩ። ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ መሀል።»

ረጃጅሞቹ ፍሬውና ማቴዎስ ነበሩ።

«እኔ እዚሁ ይሻለኛል» አለ ፍሬው ከጫፉ ሳይነቃነቅ።

እህታቸው ሊድያ ዞር አለች። «እዚያ ከቆምክ የሚገባው ትከሻህ ብቻ ነው። አባባ ግድግዳ ላይ ትከሻ ይስቀሉ?»

ሁሉም ሳቀ። ፍሬው እያጉረመረመ መጣ፤ ማቴዎስም በዚያ በኩል መጣ። መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ተዉ።

«አሁንም ጠጋ» አለች ትርፊት። «አሁንም።»

ክፍተቱ ጠፋ። የፍሬው ክንድ መቀመጫ ሲያጣ፣ ትንሽ አየር ላይ ቆይቶ የማቴዎስ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ክንድህ ዛሬም እንደ ግንድ ይከብዳል» አለ ማቴዎስ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው እንዳደረገ።

«አንተም ዛሬም ታማርራለህ።»

እማማ እህተማርያም ዞረው ላለማየት የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨበጡ።

ትርፊት ፎከሱን በእማማ ዓይን ላይ አስተካከለች። ከዚያ የኋላዎቹም እንዲጠሩ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበበችው። ብርሃን ሲያንስ መመልከቻው ጨለመ፤ ከዚህ በኋላ ማንንም አጥርታ አታይም። «አትተንፍሱ!» አለችና ተጫነችው።

ፎቶው በትንሹ ስክሪን ላይ ሲወጣ ጋሼ እንድርያስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ስምንቱም ፊት ጥርት ብሏል። ጣታቸው መሀል ላይ፣ ክንዱ ካረፈበት ቦታ ቆመ።

«ይሄ እንዳይቆረጥ» አሉ። «ፍሬሙ ካልበቃው ፍሬሙን እቀይራለሁ።»

ትርፊት ሆሳዕና ስትመለስ ፎቶውን ለዳኘ አሳየችው፤ የቀለበቱንም ጉድ ነገረችው። ዳኘ ራሱን አከከ።

«አምጪው እንጂ፣ አሁኑኑ ላሳሳልሽ።»

«እሱን አትንካው» አለች። «ሌላ ቀጭን ሥራልኝ።»