የጋሽ መታወቂያ ስድስት ቁጥር

በዚያ ሰፈር ቁልፍ የጠፋበት ሰው ወደ ቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ሲሮጥ ሁለት ነገር ይዞ መሄድ አለበት፤ ገንዘብና መታወቂያ። ገንዘቡን ቢረሳ ግድ የለም፣ ሰውየው «ነገ ታመጣለህ» ይላል። መታወቂያውን የረሳ ግን ወዮለት! ቤት ውስጥ ድስት ቢያርርበት፣ የተቆለፈባት ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ ባሌ ነው!» ብላ ብትጮህ ቁልፍ ቀራጩ ንቅንቅ አይልም። «ሳላጣራ ለማንም አልከፍትም» ይላል፣ መሣሪያውን በብብቱ ሸጉጦ። ስሙም ከዚሁ መጣ፤ ጋሽ መታወቂያ። በፊቱ ይጠሩታል፣ እሱም ደረቱን ነፋ አድርጎ አቤት ይላል።

ከሱቁ አጠገብ ስልክ የምትጠግን ሴት አለች። አንድ ክረምት ቁልፏ ጠፍቶባት ዝናብ እየቀጠቀጣት መጣች። «መታወቂያሽስ?» አላት። «ቤት ውስጥ ነዋ!» አለች። «እንግዲያው ሁለት ጎረቤት አምጪና ይመስክሩልሽ።» እንግዲህ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተው የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ ጠዋት ማታ ሰላም ይባባላሉ! ያም ሆኖ ምስክር እስክትፈልግ ዝናቡ እስከ አጥንቷ ገባ። ይህን ታሪክ ጋሽ መታወቂያ ራሱ በየአጋጣሚው እየሳቀ ያወራዋል፤ እሷ ባለችበት ጭምር።

አንድ ታናሽ ወንድም አለው፣ የመርከብ ምግብ አብሳይ። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሄዱ ያሳደገው እሱ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ጋሼ እያለ በአንቱታ ነው የሚያናግረው። ይህ ወንድም ስድስት ዓመት ሙሉ በባሕር ላይ ሽንኩርት እየከተፈ ያጠራቀመውን ደመወዝ ያስቀመጠው ክሪፕቶ የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ በሚገዛበትና በሚሸጥበት በአንድ መገበያያ ነው። ከመርከብ ላይ ገንዘብ ለመላክ ይህ መንገድ ይቀለዋል። ሐሳቡ ከመርከብ ወርዶ ዳቦ ቤት መክፈት ነው፤ ቤቱ እየተሠራ ነው። ባሕር ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ለግንበኛው የሚከፍል ሰው በየብስ ያስፈልጋል። ባለፈው እረፍቱ መጥቶ አፑን በጋሼ ስልክ ላይ ጫነለት፣ የይለፍ ቃሉንም ነገረው።

«ጋሼ፣ ለመግባት ከይለፍ ቃሉ ሌላ ይህቺ ስልክዎ ላይ የምትወጣ ስድስት ቁጥር ታስፈልጋለች። በየግማሽ ደቂቃው ትቀያየራለች። ለማንም አይንገሯት። መገበያያው ራሱ ደውሎ ቁጥር አይጠይቅም። የጠየቀዎት ሰው ሌባ ነው።»

ጋሽ መታወቂያ ቅር አለው። «አንተ ልጅ፣ ንፍጥህን ስጠርግልህ የኖርኩትን ሰውዬ ዛሬ ስለ ቁልፍ ልታስተምረኝ ነው?» አለ። ወንድሙ ሳቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ መታወቂያ አንድ የበር ቁልፍ እየቀረጸ ሳለ መልእክት ገባለት። «ወደ አካውንትዎ ከማይታወቅ ቦታ ሊገባ የሚሞክር ሰው አለ። እዚህ ገብተው ያረጋግጡ» ይላል። የተባለበትን ነካ፣ የተከፈተለት ገጽ ከመገበያያው ገጽ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የይለፍ ቃሉን ጻፈ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«እንደምን አደሩ። ከመገበያያው የደኅንነት ክፍል ነው የምደውለው» አለ አንድ የረጋ የወጣት ድምፅ። «አካውንትዎን ከሌባ ልናግድልዎ ነው። ነገር ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በመጀመሪያ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን ማወቅ አለብኝ። እኛ ሳናጣራ ለማንም አንከፍትም።»

አይ ጉድ! ያ ሌባ «ቶሎ በሉ» ቢል ኖሮ ጋሽ መታወቂያ ይጠረጥር ነበር፤ አጣዳፊ ሰው አይወድም። ቢለምነው ይዘጋበት ነበር። ግን ሌባው እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲናገረው የኖረውን ቃል መልሶ ለእሱው ተናገረለት። ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ እሱ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ሊሆን ይችላል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ደስ አለው እንጂ! «ጎሽ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ አመሰገነው። መነጽሩን አደረገ፣ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበለት። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ተቀየረበትና ይቅርታ ጠይቆ አዲሱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለ ሌባው።

«ኧረ ምን ገዶኝ!» አለ ጋሽ መታወቂያ።

አፑ ወዲያው ወደ ውጭ ተፋው። ባሕር ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ወንድሙ በጋሼ ስልክ ባስመዘገበው አድራሻ ኢሜይልም መጣ፦ የይለፍ ቃሉ በአዲስ ስልክ ተቀይሯል፤ ለጥንቃቄ ሲባል ከአሁን ጀምሮ ለሃያ አራት ሰዓት ገንዘብ አይወጣም፤ ይህን ያደረጉት እርስዎ ካልሆኑ የአካውንቱ ባለቤት በራሱ ስልክ ፊቱን አሳይቶ አካውንቱን ያሳግድ። ባለቤቱ ወንድሙ ነው። ማሳገድ የሚችለው የወንድሙ ፊት ብቻ ነው።

ጋሽ መታወቂያ ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ጋለ። እናም፣ ይህን መናገር ለእኔም ይከብደኛል፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወንድሙ ጋ መደወል አልነበረም። ብድግ ብሎ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና የሰማው ሰው እንዳለ በቀዳዳው ተመለከተ።

ከዚያ ደወለ፤ መደወሉንስ ደወለ። ወንድሙ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ጋሼ! አሁን ልደውልልዎ እያሰብኩ! ሁለት ወር ብቻ ቀረኝ እኮ! ወርጄ ሁለተኛ ባሕር የሚባል ነገር በዐይኔ አላይም። ቤቱስ እንዴት እየሆነ ነው?»

ጋሽ መታወቂያ አፉን ከፈተ። ሌባ ገባብን የሚሉ ሁለት ቃላት እኮ ናቸው! «ጣራው…» አለ።

«ጣራው ምን ሆነ?»

«ቆርቆሮው ደረሰ። ወፍራም ነው፣ ጥሩ ቆርቆሮ ነው።»

«ተባረኩ! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ ወንድሙ፣ ከልቡ።

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ መታወቂያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ደግሞ ልደውል ይላል፤ ጣቱ ስሙ ላይ ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ በዐይኑ ይመጣበታል። ጋሽ መታወቂያ ቤቱን ለሌባ ከፈተ፣ ያውም አመስግኖ! እያሉ ሲንከተከቱ ይሰማዋል። ማታ፣ እደውላለሁ አለ። ማታ ሲደርስ ደክሞት ይሆናል፣ ለምን አስደነግጠዋለሁ አለ። ሌባው የደወለበትን ቁጥር ሞከረ፣ አይሠራም። የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ሞከረ፣ እምቢ አለ። ሦስት ቁልፍ አበላሸ። ሚስቱ «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» ብትለው «የቆርቆሮ አቧራ ነው» አላት። ያ ቆርቆሮ ስንት ውሸት ተሸከመ!

እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ነጋ። ከሃያ አራቱ ሰዓት አንድ ሲቀር ስልክ ጠጋኟ ሱቋን ስትከፍት በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አንድ ወዳጄ ችግር ገጥሞት ነበር» ብሎ ጀመረ፤ ኢሜይሉንም በቃሉ ያጠና ይመስል ቃል በቃል ነገራት። «አንቺ በሙያሽ ልትከፍቺለት ትችያለሽ ወይ ለማለት ነው።»

«ወዳጅዎ ቁጥሩን ራሱ ነው ያነበበላቸው?»

«ሽማግሌ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ለባለቤቱ ነገረው?»

«አልነገረውም።»

«ለምን?»

«አፈረ» አለ ጋሽ መታወቂያ።

ሴትዮዋ መፍቻዋን አስቀመጠች። ለዚያ ዝናብ ብድሯን የምትመልስበት ቀን ይሄው መጣላት። እሱም ይህንኑ ጠብቆ አንገቱን ደፍቷል፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ወንበር ሳበችለት።

«ጋሽ መታወቂያ፣ እኔ አልከፍተውም። ማንም አይከፍተውም። ወዳጅዎ ማን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ወንድምዎ ጋ አሁኑኑ ይደውሉ፣ እዚሁ ፊቴ።»

ደወለ። ጠራና ተቋረጠ። ሁለተኛ ደወለ፤ ጨርሶ አልጠራም። ትናንት ጠዋት በአንድ ጥሪ የተነሳ ስልክ! ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ዐይኑን ጨፈነ። ስድስተኛ ጊዜ ሲደውል የድስት ክዳን ጫጫታ ተሰማ፣ ቀጥሎም የወንድሙ ድምፅ። ጋሽ መታወቂያ ሰላምታ እንኳ አልጠበቀም።

«ሌባ አስገባሁብህ። ደውለው ቁጥሩን ጠየቁኝ፣ እኔው ራሴ አነበብኩላቸው። ቶሎ ፊትህን አሳይና አሳግደው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው!»

ወንድሙ አልጮኸም። «ስልኩን አይዝጉት» ብቻ አለ። ጫጫታው ራቀ፣ በር ተዘጋ። ጠጋኟ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ታገደ» አለ ወንድሙ። «ምንም አልወጣም፣ ጋሼ። ሁሉም አለ።»

ጋሽ መታወቂያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እንባው መጣ። «ተመስገን! ተመስገን!» አለ፤ ጠጋኟም አብራ አለች። ለጥቂት ጊዜ ያ ሁሉ ነገር ያለፈ መሰለው።

«ግን ጋሼ» አለ ወንድሙ። «እዚህ ላይ የቀረው አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር ይላል። ነገሩ የሆነው ታዲያ ትናንት ጠዋት ነው?»

«አዎ።»

«ስለ ቆርቆሮው ሲነግሩኝ… ሌባው የደወለው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

ጋሽ መታወቂያ ጠጋኟን አያት። እሷ ዞር ብላ የተፈታ ስልክ ታገላብጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ቢል የሚያጣራው ሰው አልነበረም።

«ከዚያ በፊት ነው» አለ። «ስደውልልህ አውቄ ነበር።»

«እኔን ፈርተው ነው፣ ጋሼ?»

«አንተን አይደለም። ከአንተ አፍ ክፉ ቃል እንደማይወጣ አውቃለሁ። ሰው እንዳይስቅብኝ ነው።»

«ሰው» አለ ወንድሙ፣ ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመት፣ ጋሼ። የይለፍ ቃሉን መቀየሬ አይቀርም። አዲሱ ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ። ለግንበኛው እኔው እልክለታለሁ። እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ብዬ እቀየምሃለሁ?»

«እሺ። ሥራ ልግባ» አለና ዘጋው።

ልጅ ሳለ ለትምህርት ቤት ሲወጣም ሆነ አድጎ ከመርከብ ላይ ሲደውል፣ ወንድሙ «ይመርቁኝ» ሳይል ከእሱ ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ አላለም። ጋሽ መታወቂያ ምርቃቱን በአፉ እንደያዘ፣ የተዘጋውን ስልክ ከጆሮው ሳያወርድ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።