ሁለት ብርጭቆ የሚይዝ በራድ

«እኔ ምን አልኩ? ሁለት ብርጭቆ ነው የሚይዘው» አለች ሚስትየው፣ ክዳኑን ከፍታ የበራዱን ውስጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረች። «ያውም አፉ ድረስ ሞልቶ።»

«ትንሽ ነው አልሽ፤ ሰማሁ። ጠዋትም ብለሻል፣ ምሳ ላይም ብለሻል።»

«መስማትማ ሰምተሃል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ነው እንጂ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና ገበሩን የሚቀይረውን ኮት ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። «አሮጌው ተበሳ ያልሽኝ አንቺ። እሳቱ ላይ እየተንጠባጠበ አስቸገረኝ ያልሽኝ አንቺ። ሄጄ ገዛሁ። አሁን ደግሞ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ።»

«ግዛ አልኩህ እንጂ የልጅ መጫወቻ ግዛ አልኩህ?»

«የኢናሜል በራድ ነው። ብረቱ ወፍራም ነው፣ እጀታው ደህና ተበይዷል። እስቲ ምኑ ነው መጫወቻ?»

ሚስትየው በራዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው ያለነው?»

የልብስ ሰፊው ዓይን ወደ ውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ሄደ። ከመጋረጃው ጀርባ የጋለ ብረት እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ችስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ፤ እንደገና ተሰማ።

እዚያ ያለው ልብስ የሚተኩስላቸው ሰው ነው። «ካውያው» ነው የሚሉት። ልብስ ሰፊው ይህን ቤት ተከራይቶ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ የከሰል ካውያውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና በዚያው ቀረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ እየተኛ አረጀ።

ያኔ ይህ የፊት ክፍል በስፌት መኪና የተሞላ ነበር። ረፋዱ ላይ ትልቁ በራድ ክዳኑን ማንጫጫት ሲጀምር መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ ሠራተኛውም ብርጭቆውን ይዞ ምድጃውን ይከባል። ካውያው ከሁሉም በኋላ ነበር የሚመጣው፤ የጋለ ብረት ጨርቅ ላይ ጥሎ አይነሳምና። ቢሆንም ሻይ ሳይተርፍለት የቀረበት ቀን የለም። ታች የሚቀረው ወፍራሙ ሻይ የእሱ ድርሻ ነበር፤ ሚስትየው ለማንም አትሰጥበትም። ስኳሩን ከሻዩ ስለሚያበልጥ ይቀልዱበት ነበር። «አንተ፣ ሻይ እየጠጣህ ነው ወይስ ስኳር እያሟሟህ?» ይለዋል ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ኮት ሰፊው። ካውያውም ብርጭቆውን ሳያወርድ «አንተ ኮት ስትሰፋ እኔ ጠየቅኩህ?» ብሎ ይመልስለታል።

ጊዜ ሲያልፍ አንዱ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ ዓይኑ ደከመ፣ ሰውም ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ መግዛት ለመደ። አሁን አንዲት መኪና ቀርታለች፤ ሥራውም ሱሪ ማሳጠርና ወገብ ማስፋት ነው። የሚተኮሰው ልብስ ቁርስ ተበልቶ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። ካውያው ግን ከጠረጴዛው አይለይም፤ የተኮሰውን መልሶ ይተኩሳል።

በቅርቡ የእህቱ ልጅ ከሌላ ከተማ «ክፍል አለኝ፣ ና» ብላ ላከችበት። ይህን ለሚስትየው የነገራት አንሶላ በሁለት በኩል ይዘው ሲያጥፉ ነው።

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምንም አላልኩ፣ እትዬ። እስቲ ይታያል።»

የሚታየው ምን እንደሆነ ገብቷታል። «አትሂድ፣ ቆይ» የሚለው ሰው እየጠበቀ ነው። እሷ ብትለው አዝናልኝ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ወደዚህ ቤት ያስገባው ባሏ ነውና ቃሉ ከእሱ አፍ መውጣት አለበት። ለባሏ ደጋግማ ነግራዋለች። እሱ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ይነገራል? ቤቱ አይደለም እንዴ?» እያለ ያሳድረዋል። የሰው ትከሻና ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍረዋል። ይባስ ብሎ በዚህ መሐል ሁለት ብርጭቆ የሚይዝ በራድ ይዞ ገባ።

«ምሳ ላይ ያደረገውን አይተሃል?» አለችው አሁን። «ለሁለታችሁ ስቀዳ ለእኔ አለቀ። ሌላ ውሃ ልጥድ ብዬ ብነሳ የራሱን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋው። ‹እትዬ፣ እኔን ሻይ ሆዴን እየነፋኝ ነው› አለኝ።»

«ነፍቶት ይሆናላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪም የምትለካው እንዲህ ነው? እሱን መቼ ነው ሻይ ነፍቶት የሚያውቀው? ሆድ ብሶት ነው። ለሁለት ገዙ፣ እኔን ከቁጥር አወጡኝ ብሎ ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካው። እንዲያ አስቦ አልገዛም፤ ጨርሶ አላሰበም። ያሳፈረውም ይኸው አለማሰቡ ነው።

«እሺ፣ በትልቅ እለውጠዋለሁ» አለ። «ባለሱቋ አታስቸግርም። እሱንም አነጋግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን። ሻዬን ልጠጣና።»

«ምን ልትለው?»

«ወዴት ትሄዳለህ እለዋለኋ።»

«እንደሱ አይደለም። ቆይ በለው። በግልጽ፣ ቆይ።»

«እሺ፣ ቆይ እለዋለሁ።»

ሚስትየው ቀለል አላት። ውሃ ጣደች፣ ሻይ ቅጠል ጨመረች፣ ከፊቱ ተቀመጠች። «ግን ባለሱቋ ሌላ አልነበራትም ወይ?» አለችው፣ ቁጣዋ በርዶ።

«ሞልቷታል እንጂ። ትልቁንም መካከለኛውንም ደርድራልኝ ነበር። ኢናሜሉ እንዳልተላጠ በጥፍሬ መታ መታ እያደረግሁ፣ አፉ ሲቀዳ እንዳያንጠባጥብ እያየሁ፣ አንድ ቀይ ትልቅ መርጬ ነበር። ልከፍላት ስል ይቺን ከታችኛው መደርደሪያ አየኋት።» ወደ ምድጃው ጠቆመ። «ቀለሟን አላየሽም?»

«ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ነው ትለኛለች። ከንፈሯ ጥቁር፣ እጀታዋ ጥቁር። እስቲ ደህና አድርገሽ እያት።»

አየቻት። እጇን ቀስ ብላ አገጯ ላይ አደረገች። «የአክስቴን ትመስላለች» አለች።

«ቁርጥ የአክስትሽን።»

ሲጋቡ የተከራዩት ከአናጢው ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ዕቃ የሚባል ያላቸው አልጋውና አክስቷ የሰጠቻቸው ሰማያዊ በራድ ብቻ ነበር።

«ክዳኗ እየወደቀ ቢያስቸግረኝ በክር አሰርኩት» አለች።

«በእኔ የቁልፍ ክር። ያውም ሳታስፈቅጂ።»

«ብርጭቆ ግን አንድ ነበር።»

«አንድ። አንቺ ግማሹን ጠጥተሽ ታቀብይኛለሽ። ግማሽ ነው ትያለሽ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቅጠሉ ብቻ።»

ሳቀች። «ጣራው ሲያፈስስ? በራዷን አልጋው መሐል ደቅነን ግራና ቀኝ ስንተኛ?»

«አከራያችን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ‹እናንተ ልጆች፣ ውሃ እየገባባችሁ ምን ያስቃችኋል?› ስትል።»

«‹ኪራይ ስጨምር ትስቁ እንደሆን አያለሁ› አለችና ጨመረችም።»

«እኛም ሳቅን።»

አሁንም ሳቁ። በውስጠኛው ክፍል የብረቱ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል፤ እነሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጉን ረስተውታል።

«እውነቴን ልንገርሽ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ከዚያ ወዲህ ሻይ እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም። መኪና የለ፣ ሠራተኛ የለ፣ ማንም የለ። እኔና አንቺ ብቻ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ የታየኝ ያ ጊዜ ነው።»

ሚስትየው በራዱን አንስታ ለሁለቱም ቀዳች። ልክ ሆነ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ከብርጭቆዋ ፉት አለችና «እኔም» አለች። ደግማ ፉት ካለች በኋላ «አትለውጠው፣ ይቅር» አለችው። «ለእኛ ትበቃናለች።»

«አንቺ ካልሽ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ካውያው ያጠፈውን ሱሪ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊው ራሱ የሰፋለትን ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ልብሶቹን የከተተበትን የጨርቅ ቦርሳ አንግቷል።

«ሱሪው አልቋል» አለ።

«ወንበሩ ላይ አድርገው» አለ ልብስ ሰፊው ዞር ሳይል። «አልጋው እኮ በመስኮቱ በኩል ስለነበረ ነው ውሃው የሚያገኘን።»

«በበሩ በኩል ነበር» አለች ሚስትየው። «መስኮቱ ሥርማ ያንተ ጠረጴዛ ነበር።»

«ያኔ ጠረጴዛ ነበረኝ እንዴ?»

ካውያው ሱሪውን ወንበሩ ላይ አኖረና መስመሩ እንዳይሰበር እግሮቹን አስተካከለ። ሁለቱን ጥቂት ቆሞ አያቸው። ከዚያ በጀርባቸው አልፎ ወጣ፤ በሩ ነፋስ ሲያገኘው እንደሚላተም ስለሚያውቅ በእጁ ደግፎ ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ጠረጴዛ ካልነበረህ ጨርቁን የት ነበር የምትቆርጠው?» አለች ሚስትየው። «በል እስቲ አስታውስ።»