የነካሪዋ እጆች

ሽቶ እንደሚቀባ ሰው ተጠንቅቃ ሁለቱንም እጆቿን እስከ አንጓቸው ድረስ ሰማያዊው በርሜል ውስጥ ነከረች። የምትነክረው ጨርቅ አልነበረም። ጥቂት ቆይታ አወጣቻቸውና ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻቸው፤ ጀርባቸውን አየች፣ መዳፋቸውን አየች፣ በጥፍሮቿ ዙሪያ ቀለሙ ያልደረሰበትን ቦታ በአውራ ጣቷ አዳረሰች። ሲደርቁላት ደስ አላት። የሠራተኛ እጅ መስለዋል።

ማቅለሚያ ቤቱ ገና አልሞቀም። እሳት የተለኮሰው ከአንዱ በርሜል ሥር ብቻ ነው፤ ትናንት የተነከረው ጨርቅ በተወጠረው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ወለሉ ላይ ቀይ ጠብታ ይጥላል። ቀለሙን ከጨርቁ ጋር የሚያጣብቀው ጨው በጆንያ ሆኖ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ከኋላዋ ባልደረባዋ። ይህችን ሴት ሰው ሁሉ ራዲዮ ይላታል፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ካልሆነ አትዘጋም።

«ዛሬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ንጹሕ እጅ ይዤ ብሄድ ወንድሜ ሥራ ማቆሜን ያውቅብኛል።»

«ታዲያ አቁመሽ የለ! ይወቃ!»

«ድካሙ ለቆኛል ብዬዋለሁ።»

ራዲዮ ማማሰያዋን በርሜሉ ላይ አጋድማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔ የማየው ሌላ ነው። ቀሚስሽ ውስጡ ሰው የሌለበት መስሏል። ባለፈው ደግሞ ከጆንያው ጨው እየዘገንሽ ስትልሺ አይቼሻለሁ። ፍየል ነሽ እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እኮ!»

«መድኃኒት አለኝ። ያዘዘልኝን ሰው ታውቂዋለሽ» አለች ነካሪዋ፤ ያዘዘላትን ሰው ስታነሣ አንገቷ ሳይታወቃት ቀና አለ።

ያዘዘላት ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያርፉ እሱ ገና ጫማውን ማሰር የማይችል ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ለጋብቻ የታጨች ኮረዳ። ጋብቻውን ትታ በርሜሉን ያዘች። ያሳደገችው ልጅ ዛሬ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞችን የሚያስተምር ሐኪም ሆኗል። ድካም የጣላት ጊዜ ደሟን ራሱ ቀድቶ፣ ውጤቱን ይዞ ቤቷ ድረስ መጥቶ አስረዳት። አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ሰንፏል አላት፤ ከአንጎል የሚመጣለት ትእዛዝ ደግሞ ከፍ ብሏል፤ አለቃ ሰነፍ ሠራተኛ ላይ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት የምትዋጥ ትንሽ ክኒን አዘዘላት። ካስረዳት ግማሹ አልገባትም፤ ሲያስረዳ እያየችው ግን ልቧ ቅቤ ጠጣ። በማግሥቱ ለሰፈሩ ሁሉ፣ «ወንድሜ በሽታዬን ከወረቀት ላይ አነበበው፤ ዳንኩ» ብላ አወራች።

ችግሩ አለመዳኗ ነው። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ጭራሽ ባሰባት። ሆዷ ምግብ አልቀበል አለ፤ ከአልጋዋ ስትነሣ ሰማይ ምድሩ ይዞርባታል፤ እርጥብ ጨርቅ ከበርሜል ማውጣት ቀርቶ ማማሰያውን ማንሣት አቃታት። ነገር ግን አንዴ ዳንኩ ብላለች። አልዳንኩም ማለት ወንድሟን እሷው ራሷ ካወጣችው ከፍታ ማውረድ ሆኖ ታያት። ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «እንደ ብረት!» ትለውና ስልኩን አስቀምጣ ትተኛለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ።

ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ጉልበቷ ከዳት። የጫማዋን ማሰሪያ የምታስተካክል መስላ ተቀመጠች፤ ደግነቱ ጫማዋ ማሰሪያ የሌለው መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ላቧን በሻርፗ ጠርጋ እንደገና ወጣች። በረኛው ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ። «የዶክተር እህት አይደሉም? ይለፉ፣ ይለፉ።» ይህን ስትሰማ ድካሟን ረሳችውና ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ በቀስታ እያየች፣ መታየቷንም እያረጋገጠች፣ አለፈች።

ወንድሟ ብቻውን አልነበረም። ከእሱ የሚማሩ ሦስት ወጣት ሐኪሞች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እንዳያት ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት።

«እህቴ ናት» አላቸው። «እናቴም አባቴም እሷ ናት።» ከዚያ ያላሰበችውን አደረገ። እንግዶቹን አፍራ ሻርፗ ሥር የደበቀቻቸውን እጆቿን ይዞ ወደ ላይ አነሣቸው። «እነዚህን እዩዋቸው። እኔ ሐኪም የሆንኩት በእነዚህ እጆች ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ከበርሜሉ አልተለዩም።»

ወጣቶቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አከበሯት። ነካሪዋ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም፤ ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ። ወዲያው ግን ጠዋት ያደረገችው ትዝ አላት። የተመሰገኑት እጆች የጠዋቱ ቀለም ነው ያለባቸው።

ሴቷ ሐኪም የደም ውጤቱን አነበበች። «የታይሮይዱ ማነቃቂያ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ሶዲየም፣ የደሟ ጨው፣ ዝቅ ብሏል።»

«የታይሮይድ ስንፍና ሶዲየምንም ያወርዳል» አለ ወንድሟ። «እትዬ፣ ድካሙስ?»

«የለም።»

«ያስመልስሻል? ያዞርሻል?»

«ኧረ ምን ሊያዞረኝ!»

«ጥሩ። እንግዲህ መጠኑ አንሷል ማለት ነው፤ እጥፍ እናደርገዋለን።» እስክሪብቶውን አንሥቶ መጻፍ ጀመረ።

ነካሪዋ የእስክሪብቶውን ጫፍ አየችው። አንዷ ክኒን ምን እንዳደረገቻት ታውቃለች፤ እጥፏ ምን እንደምታደርግ ለመገመት መማር አያስፈልግም። እሞታለሁ ብላ አሰበች። ሐሳቡ እንደጠበቀችው አላስደነገጣትም፤ ሰው የሆነ ሁሉ ይሞታል። ያስደነገጣት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ወንድሟ ይህቺኑ ወረቀት ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ ታያት። ክኒኑን ያዘዘ እሱ፣ እጥፍ ያደረገ እሱ። ስሙን እጠብቅለታለሁ ስትል፣ እህቱን የገደለ ሐኪም ልታደርገው ነው። እውነቱን አሁን ብትናገር ደግሞ በተማሪዎቹ ፊት ልታዋርደው ነው፤ ያውም እጆቿን አንሥቶ በኮራባት ማግሥት እንኳ ሳይሆን በዚያችው ደቂቃ።

«ቆይ» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ቀለሙ የዛሬ ጠዋት ነው። ላንተ ብዬ ነው የነከርኳቸው። ሥራ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ፤ ማማሰያ ማንሣት አልችልም። ምግብ አልቀበል ብሎኛል። የምበላው ጨው ብቻ ነው፤ ከጆንያ እየዘገንኩ፣ እንደ ከብት። መድኃኒትህ ገደለኝ ላለማለት ነው ዝም ያልኩት።»

አንደኛው ወጣት ጣሪያውን፣ ሌላው ጫማውን ማየት ጀመረ። ወንድሟ ክው ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ከጽዳት ሠራተኞቹ በረኪና አምጡልኝ» አለ።

በረኪናውን በውኃ አቀጠነው፤ በልጅነቱ ማታ ማታ ስታደርግ ያየው ነው። መታጠቢያው ጋ አስቀምጧት እጆቿን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት ያጥብ ጀመር። እሷ አንድ ቀን እንኳ ሰው እጇን አጥቦላት ስለማያውቅ የት እንደምታይ ጠፋት። ሰማያዊው እየቀጠነ ወረደ፤ ውኃው ጠራ። እሱ ግን ማሸቱን አላቆመም። በመዳፏ መስመሮችና በጣቶቿ አንጓዎች ላይ ቀለም ያልሆነ ጥቁረት ቀርቶ ነበር። አሸው፤ አሸው፤ አልለቀቀም።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። የነካሪ እጅ መች ነጭ ሆኖ ያውቃል? የድሮ ቀለም ጠጥቶ ቀርቶ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እኔም» አለ ወንድሟ። «እኔም ልክ እንደዚያ ብዬ ነው የተውኩት።» ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አየ፤ እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ በርሜል ደግሞ ድድ አይነክርም። አስተኝቶ የደም ግፊቷን ለካ፤ አስቁሞ ሊለካ ሲል ዓይኗ ጨለመባትና ሴቷ ሐኪም ደግፋ መልሳ አስተኛቻት።

ከወጣቶቹ አንዱ በሐኪሞች ቋንቋ ዝግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው። እሱም በዚያው ቋንቋ መልሶ ነገሩን እነሱ መካከል ማስቀረት ይችል ነበር። ነካሪዋ እንደዚያ እንዲያደርግ በልቧ ለመነችው። እሱ ግን እሷ በምትሰማው ቋንቋ ተናገረ።

«ተሳስቻለሁ። የታይሮይዱን ወረቀት ሳነብ እሷን ሳላያት ቀረሁ። ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል የምንላቸው። እነሱ ሲከሽፉና ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ሲያልቅ ሰው ይደክማል፣ ይከሳል፣ ጨው ያምረዋል፣ ቆዳው ይጠቁራል፤ የታይሮይዱም ውጤት አብሮ ሊዛባ ይችላል። ያን ጊዜ ኮርቲሶሉን ሳይተኩ የታይሮይድ መድኃኒት ብቻውን መስጠት፣ የቀረችውን ጥቂቷን አሟጦ መጨረስ ነው። እኔ የሰጠኋት እሱን ነው።»

«በርሜሉ ውኃ ሳይኖረው እሳት እንደ መጨመር» አለች ነካሪዋ ከተኛችበት።

«ልክ እንደዚያ ነው፣ እትዬ።»

«ግን እኮ ደብቀውዎታል» አለ ጣሪያ ሲያይ የነበረው ወጣት። «ማን ሊያውቅ ይችላል?»

«መስማት የምወደውን ነገረችኝ፤ ደስ ስላለኝ ሳልመረምር ተቀበልኩ። ይኼ የእሷ ጥፋት አይደለም። ደም ውሰዱላት፤ የኮርቲሶሏን ልክ ነገ እናውቃለን። ሕክምናው ግን ውጤት አይጠብቅም። ኮርቲሶሉን የሚተካውን መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲዞንን፣ አሁኑኑ ጀምሩላት፤ ጨው ያለበትም ፈሳሽ በደም ሥሯ ይሂድ።»

ከሰዓት በኋላ በሴቶቹ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለ አልጋ ተሰጣት። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይላል። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አያያትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስምህን ላጎድፍ?»

«ስሜ ካንቺ ይበልጣል እንዴ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለችው። «ስምህን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዐይኑን እስኪጠርግ ድረስ ነካሪዋ የፈሳሹን ጠብታ የምትቆጥር መሰለች። ከዚያ ተነሥቶ ሌሎች በሽተኞች እንደሚጠብቁት ነግሯት ወጣ። በሩ ላይ ተማሪዎቹ ቆመው ነበር። አንገቷን አስግጋ አየቻቸው፤ እንዴት እንደሚያዩት ማየት ፈርታም ፈልጋም ነበር። ሴቷ ሐኪም ከሌሎቹ ቀድማ ጠጋ አለችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ከዚያ ሌሎቹ ጠየቁት። እየመለሰላቸው ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ ከጠዋቱ ይልቅ ቀርበውት ነበር።

ክኒኑ ይቅር ወይ ይቀጥል፣ ታይሮይዷ የእውነት ታሞ ይሁን ወይ ሌላው ዕጢ አሳስቶት፣ ገና አልታወቀም። ነካሪዋ ግን ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ከምታውቀው ኩራት ሁሉ የከበደ ሆነባት። ልጅማ ብዙ ሰው ያስተምራል። በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለትን ግን ማን እንዳስተማረው ራሷን ጠየቀች፤ እኔ ነኝ ለማለት ዛሬ ጠዋት የነከረቻቸው እጆቿ አልፈቀዱላትም።

ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የተኙ አሮጊት ወደ እሷ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ይኼ አሁን የወጣው ዶክተር ነገ እኔን ሊያይ ነው አሉ። ታውቂዋለሽ? ጥሩ ሐኪም ነው?»

ነካሪዋ መርፌ ያልተሰካበትን እጇን ተመርኩዛ ትራሷ ላይ ቀና አለች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «በእኔ ላይ ተሳስቶ ነበር።»

አሮጊቷ ደንግጠው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«መሳሳቱን ራሱ በተማሪዎቹ ፊት ተናገረው» አለች ነካሪዋ፤ በደንብ ያልሰሟት መስሏት፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪዞር ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው።