የቀኝ ጎን ብሎኖች

«ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠብታ መጠጥ አልቀመሰም» አለ ላይል፣ የኦርቪልን ክራባት ጨምድዶ ይዞ። «አንዲት ቃል ብትጨምር ከሣጥኑ አጠገብ አጋድምሃለሁ።»

ኦርቪል የፍሊንት ከተማ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። በቀብር አስፈጻሚው ቤት አዳራሽ ጥግ ላይ ቆሞ፣ በወረቀት ኩባያ ቡና እየቀዳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅና ቀጥ ባለ መንገድ መስመሩን የሚስት ሰው ምን ጠጥቶ እንደሆነ ይታወቃል ብሎ አንሾካሽኮ ነበር። የሰሙት ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ያልተቀበረ ሰው አፍ የሚያሸቱ ጉዶች። ለሐዘንተኛ ቤት ድንችና አይብ የተጋገረበት ሳህን ይዘው መጥተው፣ ከሳህኑ ጋር የሚጠይቅ ፊት ያቀብላሉ። የደም ምርመራው ውጤት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ቀብሩ ግን ነገ ነው።

ሁለት ሰዎች ላይልን ጎትተው አስለቀቁት። በዚያ አዳራሽ እንደ እሱ የተቆጣ አልነበረም። እንደ እሱ መቆጣት የማይገባውም አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ከታላቅ ወንድሙ ከሟቹ ቬርነን ጋር የቬርነንን የ1970 ዶጅ መኪና የኋላ አክስል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ብረት፣ ሲቀይሩ ውለዋል። ቬርነን ትልቅ ሞተር ጭኖበት ስለነበር ቀጭኑ አክስል አልችል ብሎ፣ ወፍራም አክስል ከአሮጌ ብረት ግቢ አምጥተው ነበር። ቬርነን ሥራ ላይ ብዙ አያወራም። ላይል ስለ መንግሥት፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲሟገት «ፕሮፌሰር፣ ንግግሩን ትተህ የብሎን ቁልፉን አቀብለኝ» ይለው ነበር።

አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች መኪናው ተሰቅሎ ሳለ በእጅ ብቻ ይዞራሉ። መኪናው ወርዶ በጎማው ሲቆም፣ ክብደቱ ሲያርፍ ነው በቁልፍ የሚጠብቁት። አወረዱት። ላይል ከሥር ገብቶ የግራውን ብሎኖች አጥብቆ ጨረሰ። ቬርነን ጎንበስ ብሎ፣ በኋላ እኔም አንድ ጊዜ ልያቸው አለ።

ላይል ደሙ ፈላ። «ሥራዬን ሰካራም አይፈትሸውም» አለው።

ቬርነን እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ጨርሰሃል ወይ ብሎ ጠየቀ። ላይል ጨርሻለሁ ብሎ ቁልፉን ወርውሮ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀኙን ብሎኖች ግን አልነካቸውም ነበር። ቬርነን ደግሞ ወንድሙ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ ከሥር ገብቶ ማየት እሱን ማዋረድ መሰለው። እሑድ ቀትር ላይ ሊሞክረው ወጣ። ነዳጁን ሲረግጥ አክስሉ በቀኝ በኩል ሸሸ፤ መኪናው ራሱን ወደሚመጣው ጭነት መኪና አዞረ።

ላይል ይህን ያወቀው ሰኞ፣ ስብርባሪው ተጎትቶ የቆመበት ግቢ ሄዶ የላሉትን የቀኝ ብሎኖች ሲያይ ነው። ማክሰኞ የሟቹ ሚስት ዳርሊን ማድ ቤት ውስጥ ጠጥቶ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ አላውቅም አላት።

አሁን ከክራባቱ ጠብ በኋላ ዳርሊን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ተው በቃህ» አለችው። «ነገ ስለ ስድስቱ ዓመት እንዳያነሳ ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ። ሰው ይስቅብኛል።»

«ዳርሊን፣ ቬርነን አልጠጣም ነበር። ብሎኑን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። እንደገና ነገራት፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ ሰካራም ማለቱን፣ ጨርሻለሁ ማለቱን። በጣቷ ወደ እንግዶቹ አመለከተች።

«ለእነሱ ንገራቸው» አለች።

ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ነገራቸው። ስለ ሰው ምላስ አንድ ነገር ሊጨምር አስቦ ተወው። ኦርቪል ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሌሎቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ፤ ከሣጥኑ እስከ በሩ ባዶ መንገድ ሆነ። ዳርሊን ፓስተሩን ጠርታ የስድስቱን ዓመት ነገር እንዲናገር፣ ሌላው ቢቀር እሱን እንዳይዘል አዘዘችው። ከዚያ ወደ ላይል መጣች። ታቅፈኛለች ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ ቀኝ እጁን ብቻ ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለእንግዳ ሁሉ እንዳደረገችው አንዴ ጨበጠችው።

«ስለመጣህ አመሰግናለሁ» አለችው፤ ከዚያ ግድግዳው ጋ ወደቆመው ሰው ዞረች።