ዚኖቪያ ደንበኛ የሆነችበት እሁድ

በግሪክ አገር፣ ቮሎስ ከተማ ውስጥ የዚኖቪያን ፀጉር ቤት የማያውቅ ሴት የለችም። ከባሕሩ ዳርቻ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለው ሰፊ የመስታወት መስኮት የሷ ነው። ወቅት በተለወጠ ቁጥር መስኮቱ ላይ አዲስ ፎቶግራፍ ይሰቀላል። ክረምት ሲሆን ትከሻ ላይ የተኛ ጥቁር ቡናማ ፀጉር፣ በጋ ሲሆን ፀሐይና ጨው ያነጣው የሚመስል፤ ፀደይ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ፎቶው በተሰቀለ በሳምንቱ የከተማዋ ሴት ግማሿ ያንኑ ቁርጥ ተቆርጣ ገበያ ትወጣለች።

ዚኖቪያ ሰው ማሳመን ታውቅበታለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ፈራ ተባ ካለች፣ መቀሱን እንደያዘች በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ምን ያስፈራሻል? ጥርስ አይደል የሚነቀለው! ፀጉር ነው፣ ያድጋል» ትላታለች። ይህን ሳትሰማ ከዚያ ቤት የወጣች ደንበኛ የለችም።

የራሷ ፀጉር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ሸፍኖ ወደ ኋላ ይሄድና ማጅራቷ ላይ ይጠቀለላል። ጫፍ ጫፉን ራሷ ትከረክመዋለች እንጂ የማንም እጅ አያርፍበትም። ባለቤቷ ሶቲሪስ፣ «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ጆሮሽን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ታመሽ ነበር» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቅና ወሬውን ትቀይረዋለች።

የዘንድሮው የፀደይ ፋሽን አጭር ነበር፤ በጣም አጭር። ማጅራትን ገልጦ፣ ጆሮን ለቅቆ፣ ግንባር ላይ ብቻ ትንሽ ዘንበል የሚል። ይህን ያመጣችው ሜልፖ ናት። ሜልፖ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ተሰሎንቄ ሄዳ ሙያውን ተምራ፣ ከዚኖቪያ ጋር መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው በሁለተኛው እሁድ የከተማዋ ነጋዴዎች ባሕሩ ዳር የፀደይ በዓል ያደርጋሉ። አበባ ሻጩ አበባውን፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ይዘው ይወጣሉ፤ ፀጉር ቤቶቹም በተራ መድረክ ላይ ወጥተው የወቅቱን ቁርጥ ሕዝብ ፊት ይቆርጣሉ። ሜልፖ ልትቆርጥ፣ ዚኖቪያ ማይክሮፎን ይዛ ልታስረዳ ነበር ስምምነታቸው። ሞዴል የምትሆናቸው ደግሞ ዳናኢ የምትባል፣ ፀጉሯ ወገቧ የሚደርስ ልጅ ናት።

ተራቸው ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የሜልፖ ስልክ ጮኸ። ከዳናኢ የመጣውን መልእክት አነበበችና ስልኩን ለዚኖቪያ ዘረጋችላት። «ትናንት ማታ ቀለበት አሰረልኝ! ሠርጌ በሐምሌ ነው፣ ፀጉሬን ማሳጠር አልችልም። ይቅር በሉኝ፣ እወዳችኋለሁ» ይላል።

«እንግዲህ እንኳን ደስ ያላት» አለች ሜልፖ። «እኛ ግን አለቀልን።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ እንጂ!»

«ከየት ላምጣ? እዚህ ያለችውን ሴት ሁሉ ባለፈው ሳምንት ቆርጠናታል።»

እውነቷን ነበር። ዚኖቪያ መድረኩ ፊት የተቀመጡትን ብትቃኝ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ማጅራቱ ያልተገለጠ ሰው አጣች። መካከላቸው ስታማቲያ ተቀምጣለች፤ የፋርማሲዋ ባለቤት፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዋ። ረቡዕ ዕለት ተቆርጣ ግማሽ ሰዓት አልቅሳ፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ «ለምን ቀደም ብለሽ አልቆረጥሽኝም?» ብላ የተጣላቻት እሷው ናት።

ዚኖቪያ ዘወር ስትል ሜልፖ የሷን ጥቅልል ፀጉር ትመለከታለች።

«እንዳትዪው!» አለቻት።

«ምን አልኩ እትዬ?»

«ዓይንሽ ብሏል።»

ስታማቲያ ከፊት ረድፍ ሆና ነገሩ ገባት። የፋርማሲ ሰው ስለሆነች ጨርሶ ያልተነገራትን በሽታ ማወቅ ለምዳለች። ብድግ አለችና፣ «ዚኖቪያ ትቀመጥ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» አለቻት ዚኖቪያ፤ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ዘንግታ ስለነበር የባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ሰማት። ሳቁ አስተጋባ።

«ምን ያስፈራሻል?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ጥርስ አይደል የሚነቀለው!» ተቀበለቻት ሌላዋ።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። ሽማግሌዎቹ፣ ወጣቶቹ፣ ለቅዳሴ ለብሰው የወጡት ሳይቀሩ እያጨበጨቡ፣ «ፀጉር ነው፣ ያድጋል! ፀጉር ነው፣ ያድጋል!» ይሉ ጀመር። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ያከፋፈለችው ቃል በአንድ ቀን ተጠራቅሞ ተመለሰላት።

ዚኖቪያ ግን ጥቅልሏን በእጇ ያዘች። እነሱ የማያውቁት ነገር ነበራ። ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ እናቷ ቅማል ፈርታ ፀጉሯን አሳጥራ የላከቻት ዕለት፣ ክፍል ውስጥ ስትገባ አንዲት ልጅ፣ «ውይ! ባለ ሁለት እጀታ ድስት መጣች!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሟ ድስት ሆነ። ፀጉሯ ተመልሶ ጆሮዋን እስኪሸፍን ድረስ ቀን ትቆጥር ነበር፤ ከሸፈነ በኋላ ደግሞ ዳግመኛ አልገለጠችውም። ያን ስም ያወጣችው ልጅ አሁን ከፊት ቆማ ከሁሉ ይልቅ የምታጨበጭበው ስታማቲያ ናት።

እምቢ ብላ ልትወርድ ትችል ነበር። ግን ነገ ጠዋት የቷን ሴት ዓይን እያየች «ምን ያስፈራሻል» ልትል ነው? ማይክሮፎኑን ዘረጋች።

«ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ!» አለች ስታማቲያ፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መድረኩን ወጣች።

ዚኖቪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሜልፖም ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረችላት። ጥቅልሉን ስትፈታው ፀጉሯ እስከ ጀርባዋ አጋማሽ ወረደ፤ ሕዝቡም «እሰይ!» አለ። ዚኖቪያ አንገቷን ቀልበስ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «ጆሮዬን ግን ተይልኝ። ትንሽ ይሸፈን» አለቻት።

«እትዬ፣ ጆሮ ከሸፈነማ ፋሽኑ ቀረ። የክረምት ባርኔጣ ነው የሚሆነው። ለምንድን ነው?»

ዚኖቪያ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረቻት። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። ሜልፖ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልጣ ግራ ቀኙን አየች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የደበቁኝ? ለዚህ ቁርጥ እኮ ጆሮ ያስፈልጋል! ተሰሎንቄ ሳለን መምህራችን እንዲህ ያለ ጆሮ ያላት ሞዴል ፍለጋ ከተማውን ታስስ ነበር።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ግማሹ እውነት ነው። አይንቀሳቀሱ።»

የመጀመሪያው ጉማጅ ጭኗ ላይ ወደቀ። ዚኖቪያ ጨርቁን ከውስጥ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያው ሰዓት ስታማቲያ ማይክሮፎኑን ይዛ ሥራዋን ጀመረች። «የተከበራችሁ የቮሎስ ሴቶች! አሁን ሜልፖ ከኋላ በኩል አንድ ነገር እያደረገች ነው። ምን እንደሚባል አትጠይቁኝ፤ እኔ የማውቀው የሳል መድኃኒት ነው። ደንበኛችን በሕይወት አለች፣ ትንፋሿም ደህና ነው!» ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዚኖቪያ ራሷ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና ሜልፖ ጭንቅላቷን ይዛ አረጋጋቻት።

ከዚያ ከባሕሩ በኩል ነፋስ መጣ። ዚኖቪያ ስለዚያ ነፋስ ለስንቷ ሴት አውርታለች፤ «ማጅራትሽ ሲተነፍስ ታዪዋለሽ» እያለች። እንዴት እንደሆነ ግን እሷ አታውቅም ነበር። ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። አሁን ገባት።

«ይኸው» አለች ሜልፖ፣ መስታወቱን ዚኖቪያ ፊት አድርጋ።

ጆሮዎቿ እንደ ድሮው ናቸው፤ ወጣ ወጣ ብለዋል። ፊቷ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ፊት አይደለም። ሰፍቷል፣ መስመር አውጥቷል፣ ጆሮዎቹን የሚሸከም ፊት ሆኗል። ከጆሮዋ በላይ ያለው ሽበት አጥሮ ሲቆም እንደ ብር ያብለጨልጫል። ሜልፖ፣ «ቀለም እንዳያስነኩት!» አለቻት። ስታማቲያ ደግሞ ከራሷ ጆሮ ላይ ረጃጅሞቹን ጉትቻዎች አውልቃ ለዚኖቪያ አደረገችላት። ጭብጨባው እስከ ወደቡ ተሰማ። ከመድረኩ ስትወርድ ስድስት ሴቶች ቀጠሮ ለመያዝ ከበቧት፤ ስድስቱም ባለፈው ሳምንት የተቆረጡ ናቸው።

ምሳ ለመብላት ሦስቱ ወደቡ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ተቀመጡ። ጺፑሮው፣ የአገሩ የወይን አረቄ፣ በትንንሽ ጠርሙስ ቀረበ፤ ከጠርሙሱ ጋር ጥብስ ሰርዲን፣ ኋላም በሆምጣጤ የራሰ ኦክቶፐስ። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ዚኖቪያ ደፈረች።

«ስታማቲያ፣ ድስቱን ታስታውሺዋለሽ?»

«የምን ድስት?»

«ባለ ሁለት እጀታውን። ስድስተኛ ክፍል ያወጣሽልኝን ስም።»

ስታማቲያ ሹካዋን አስቀመጠች። «እኔ? ለአንቺ? መቼ?»

«የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንቺ መስኮቱ ጋ ነበር የምትቀመጪው።»

«በእመቤታችን! አንዱንም አላስታውስም። ለዚህ ነው እንዴ ጆሮሽን…» ፊቷ ቀላ። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ድንገት ግን ዓይኗ ጠበብ አለ። «ቆይ ቆይ። እኔ የማስታውሰው አንቺ ግመል ያልሽኝን ነው።»

«እኔ? ግመል?»

«በቁመቴ! 'ግመሏ ጎንበስ ካላለች ሰሌዳው አይታየኝም' ያልሽው! ከዚያ ወዲህ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ አላውቅም። ለሠርጌ እንኳ በጠፍጣፋ ጫማ ነው የተዳርኩት!»

ዚኖቪያ አሰበች። አገላበጠች። ምንም የለም፤ ግመል የሚባል ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። አርባ ሁለት ዓመት አንዷ ጆሮዋን፣ አንዷ ቁመቷን ስትደብቅ፣ ሁለቱም የሌላዋን ረስተውት ኖረዋል። ተያዩ። መጀመሪያ ስታማቲያን ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ዚኖቪያን። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ መጣና፣ «ዓሣው ምን ሆነ?» ብሎ ሜልፖን ጠየቃት።

«ዓሣው ደህና ነው። ሁለቱ ግን ስድስተኛ ክፍል ናቸው» አለችው ሜልፖ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። ቀጥሎ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ ዚኖቪያ፣ አሁን ልንገርዎ ወይስ ነገ?»

«ምኑን?»

«የመስከረም ፋሽን ወጥቷል። ረጅም ፀጉር ተመልሷል ይላሉ። ወገብ የሚደርስ።»

ዚኖቪያ የተጨመቀ ሎሚ አንስታ ወረወረችባት፤ ሜልፖ ጎንበስ አለችና ሎሚው ባሕር ገባ። ስታማቲያ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ስለ ጫማ ምን ይላል?» አለች። «ተረከዝ ያለው አለ?»