ያልጠፋው ዜድ

«ዜድ አልተገኘም» አለ ፕሮግራሙ እንደገና። ዳኛቸው ላፕቶፑን ሳብ አድርጎ፣ አልሄድም ያለ በግ እንደሚገፋ ሰው፣ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ተጫነው። ያው ነው።

ዜድ ማለት በቤቴሉ ክሊኒክ ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የበሽተኞች ካርድ ማስቀመጫ ነው፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ይከፍቱታል። የዳኛቸው አዲስ ፕሮግራም ካርዶቹን ከዚያ ነው የሚያነበው። ትናንት ሲያነብ ነበር። ዛሬ ጠዋት እምቢ አለ።

ጠዋት የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር መገርሳ ሠራተኞቹን ሰብስበው ትልቁን ኮምፒውተር የነካ ካለ ጠየቁ። የካርድ ክፍሏ እትዬ ተሻለች አልደበቁም። ትናንት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል እንዳይቃጠል ብለው ሶኬቱን ነቅለውታል፤ ሲረጋጋም መልሰው ሰክተውታል። ኮልፌ ውስጥ መብራት ሲጫወት ሶኬት የማይነቅል ፍሪጅ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ዳኛቸው ራሱ ቤቱ ይነቅላል።

ግን ዲግሪ ያለው ሰው ሲጨንቀው ቃል አያጣም። «በቃ ተገኘ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። «እኔ ስለፋበት የከረምኩትን እትዬ በአንድ እጃቸው ነቀሉት።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እትዬ ተሻለች የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ለነርሷ አስረክበው፣ እስኪጠሩ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ዳኛቸው ቀና አላለም። ዲግሪውን ይዞ በዘበኝነት የግቢ በር ሲጠብቅ በከረመ ጊዜ፣ «የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» ብለው እዚህ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አብሮት ለተማረው ለሄኒ ደወለ። ሄኒ እስከ መጨረሻው እንኳ አላስጨረሰውም።

«ዳኜ፣ ፕሮግራሙን በአድሚኒስትሬተር፣ በኮምፒውተሩ አለቃ ስም ነው የከፈትከው?»

«ዛሬ ጠዋት ፕሪንተር ልጨምር ስል የአለቃ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ ፕሮግራሙንም በዚያው ከፈትኩት።»

«ታዲያ ዜድን የት ያየዋል? ዜድን ያገናኘኸው በተራው ተጠቃሚ ነው። በአድሚኒስትሬተር ስትከፍተው ኮምፒውተሩ እንደ ሌላ ሰው ነው የሚቆጥርህ። ዝጋና እንደ ትናንቱ ክፈተው።»

ዘግቶ ከፈተው። የበሽተኞቹ ስም ቁልቁል ተዘረገፈ።

«ሠራ?» አለ ሄኒ።

«ሠራ» አለ ዳኛቸው፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው።

ጠዋት ዜድን በፕሮግራሙ ሳይሆን በቀጥታ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ እዚያው ያገኘው ነበር። ከማየቱ በፊት መናገሩ ቀደመው።

ለዶክተሩ እንዳለ ነገራቸው። ዶክተር መገርሳ «ተወው» አሉት። ነገ ራሳቸው ለእትዬ ተሻለች ደውለው ተስተካክሏል፣ ይምጡ ይሏቸዋል፤ የእሱ ስም አይነሳም። ፕሮግራሙን ገና የሚለምዱት ሠራተኞች በባለሙያው ላይ እምነት እንዲያጡ አይፈልጉም። መንገዱ ለዳኛቸው ተጠርጎለታል። አመስግኖ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ወደ እትዬ ተሻለች ደወለ።

«ተሠራልህ?» አሉት፣ አቤት ሳይሉ።

«ተሠራ፣ እትዬ።»

«ጌታ ይመስገን። ስጸልይ ነበር። ልፋትህን አጠፋሁብህ ብዬ እናትህን በምን ዓይኔ ልያት? ይቅር በለኝ ልጄ። ሁለተኛ ያንን ክፍል አልረግጠውም።»

«አይደለም» ማለት በቂ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም፣ ማንም አይሰማም። ከግድግዳው ወዲያ ሠራተኞቹ ምሳ እየበሉ ይሳሳቃሉ።

በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው መሀል አኖረው። ሁሉም ማኘካቸውን አቆሙ።

«እትዬ፣ አይዝጉት» አለ። «ጠዋት የነበሩት ሁሉ እዚህ አሉ።»